ቢላውን ወደን፣ ባለእጁን ጠልተን እስከ መቼ?

ስለ ምርጫ፣ ስለ ዶላር፣ ስለ ጦርነት በየቀኑ እንጽፋለን፣ እናነባለን። ዛሬ ስለ ቢላ ልጻፍ። «ርዕስ አጣህ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እስከ መጨረሻው አንብቡና ፍረዱ።

እስቲ ማድቤት ግቡና ያለውን ቢላ አንሱት። በአብዛኛው ከውጭ የመጣ፣ ሲገዛ የሚያብረቀርቅ፣ ለጥቂት ሳምንት ሽንኩርት የሚከትፍ፣ ከዚያ ቲማቲም መጭመቅ የሚጀምር ነው። ፋሲካ ደርሶ በጉ ሲታረድ ግን የምንፈልገው ሌላ ነው። «ያቺን የባለእጅ ካራ አውሱን» ብለን ልጅ ወደ ጎረቤት እንልካለን። ካራዋን ወደን እንዋሳለን። ለሠራት ሰው ግን ልጃችንን አንድርም። ከማዕዳችን አናስቀምጠውም። ሕፃን ሲታመም ደግሞ «ዓይኑ በላው» እያልን እናማዋለን።

ክርክሬ አጭር ነው። ጥሩ ቢላ፣ ጥሩ ማጭድ፣ ጥሩ ማረሻ የሚሠራ እጅ አገራችን አላጣችም። ያጣችው ያንን እጅ የሚያከብር ጎረቤት፣ የጎደለችውን ትንሽ እውቀት የሚሞላለት ትምህርት ቤትና ምርቱን የሚገዛ መንግሥት ነው። ሦስቱም ስለጠፉ ሙያው በዓይናችን ፊት እየሞተ ነው።

◆ ለምን ሰቆጣ?

ምክንያቱም ስለ ብረት ማውራት ያለብን ብረት እንጀራ በሆነበት አገር ነው። የዋግ ኽምራን መሬት ያየ ያውቀዋል። ገደል ነው፣ ድንጋይ ነው፣ አፈሩ ስስ ነው። እንዲህ ያለ መሬት ማረሻ ይበላል። ገበሬው በእርሻ ወቅት ማረሻውን ይዞ ወደ ባለእጅ ካልተመላለሰ በሬዎቹ ባዶ ይደክማሉ። በመኸር ደግሞ ማጭድ አለ፤ ለአጥር፣ ለማገዶና ለጎጆ ምሳር አለ፤ ለፍየል ዕርድና ለቆዳ ገፈፋ ካራ አለ። ቀጥቃጭ የሌለበት የደጋ ቀበሌ ገበሬ እግሩ እንደተሰበረ ሰው ነው።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር አጠፋለሁ ብሎ ቃል ሲገባ ቃሉን በዚችው ከተማ ስም ጠራው፤ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው። መልካም ነው። ከዚያ ወዲህ ድርቁ ተመላልሷል። ጦርነቱም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ዞኑን አድቅቆታል። ታዲያ ስለ ምግብ ዋስትና በተጻፈው ወረቀት ሁሉ ምርጥ ዘር አለ፣ ማዳበሪያ አለ፣ ሥልጠና አለ። ማረሻውን የሚስለው ሰው የት አለ? እኔ ፈልጌ አጣሁት።

በሰቆጣ ገበያ ያነጋገርኳቸው አንድ አዛውንት ባለእጅ አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ለምን እንደማልጽፍ እዚህ ድረስ ያነበበ ይገባዋል። ከፊታቸው ማጭድ፣ መጥረቢያና ጥቂት ቢላ ዘርግተዋል። ልጃቸው ሊሆን የሚችል ጎረምሳ መጥቶ «አንተ፣ ይቺ ስንት ናት?» አላቸው። አጠገባቸው በርበሬ የሚሸጡትን እኩያቸውን ግን «አባባ» ብሎ ነበር ያለፈው። ሁለቱም ሽበታም ናቸው። ልዩነታቸው አንዱ በርበሬ መሸጣቸው፣ ሌላው ብረት መቀጥቀጣቸው ነው።

ከቢላዎቹ አንዱን አንስቼ ከምን እንደተሠራ ጠየቅኳቸው። «ከሞረድ» አሉኝ። ያረጀ፣ ጥርሱ ያለቀ፣ ጋራዥ ቤት የጣለው ሞረድ። አገላብጬ ሳየው በጀርባው ላይ የሞረዱ ጥርስ አሻራ እንደ ደበዘዘ ጽሑፍ ይታያል።

◆ ሞረድ ምን አለው?

ይህን ክፍል እንዳትዘሉት። የክርክሩ ልብ እዚህ ነው።

ብረት ሁሉ ብረት አይደለም። የግንባታ ፌሮ ውስጥ ያለው ካርቦን በመቶኛ ሲሰላ ከአንድ ሩብ ብዙም አይርቅም። የመኪና ባሌስትራ ከግማሽ በመቶ በላይ አለው። ጥሩ ሞረድ ግን አንድ በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ በሥራ ላይ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ብረትን አግሎ በመንከር ማጠንከር የሚቻለው በውስጡ ባለው ካርቦን ነው። ፌሮን የፈለጋችሁትን ያህል አግላችሁ ብትነክሩት ስለት የሚይዝ ቢላ አይወጣውም። ሞረድ ግን ሌላ ብረት እንዲበላ ሆኖ የተሠራ ነው። በእሱ የተሠራ ቢላ ሥጋና ሽንኩርት አያቅተውም።

ባለእጁ ሞረዱን በእሳት አግሎ አመድ ውስጥ ይቀብረዋል፤ ቀስ ብሎ ሲበርድ ይላላል። ከዚያ ጥርሱ እስኪጠፋ መፈተግ አለበት። የቀረ ጥርስ ኋላ ላይ ስንጥቅ የሚጀምርበት ጉድብ ይሆናል። ቀጥሎ ወናፉ ይነፋል፣ መዶሻው ይወርዳል፣ ቅርጹ ይወጣል። እሳቱ ከልክ አልፎ ብረቱ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ተቃጥሏል፤ ያ ብረት አይድንም።

ወሳኙ ሰዓት ከዚህ በኋላ ይመጣል። ቢላው እንደገና ይግላል። በ770 ዲግሪ ገደማ ማግኔት ብረቱን መያዝ ያቆማል። ከዚያ ጥቂት አልፎ ሲግል ወዲያው መንከር ነው። ባለእጁ ቴርሞሜትር የለውም፤ የሚያየው የፍሙን ቀለም ነው። ቀለሙ ደግሞ በፀሐይ ላይ አይነበብም። ስለዚህ በጨለመ ቦታ መሥራት ግድ ነው። ልብ በሉ! አላፊ አግዳሚው «በጨለማ ምን ይሠራል?» ብሎ የሚጠረጥረው ጎጆ የሙቀት መለኪያ ነው። የምትሃት ቤት ያልነው ላቦራቶሪ ነበር።

ሲነከር ብረቱ እንደ መስታወት ይጠነክራል፤ እንደ መስታወትም ይሰበራል። ከእጅ አምልጦ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ስለዚህ መልሶ ማለዘብ ያስፈልጋል። ከ200 እስከ 220 ዲግሪ ድረስ አሙቆ ለአንድና ለሁለት ሰዓት ማቆየት ነው። ቢላው አስቀድሞ ተወልውሎ ከጸዳ ቀለሙ ራሱ ይናገራል፤ መጀመሪያ የገለባ ቀለም፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ ይሆናል። ለማድቤት ቢላ ገለባው ላይ መቆም ነው። ሰማያዊው ላይ ከደረሰ ለመጥረቢያ ይሆን ይሆናል እንጂ ለቢላ ስለቱ ቶሎ ይደንዛል። መሐንዲሶች ይህን ሮክዌል በሚባል መለኪያ ይቆጥሩታል። ሞረድ ከ62 እስከ 65 ገደማ ነው፤ ጥሩ የማድቤት ቢላ 58 እስከ 60 ይበቃዋል። ባለእጁ በመቀጥቀጥ ቀን ሙሉ የደከመበት ሥራ የሚድነውም የሚበላሸውም በዚህች ጠባብ ልዩነት ነው።

◆ እውነቱን እንነጋገር

እዚህ ላይ ወዳጆቼ የሚቆጡበትን ልናገር። የባለእጆቻችን ቢላ ሁሉ ጥሩ ነው ብዬ አልዋሽም። ብዙው በፌሮ የተሠራ ነው፤ ደንዝዞ ይመለሳል። ከሞረድ የተሠራውም አንዳንዱ ጫፉ ይሰበራል፤ አንዳንዱ ከውሃው ሲወጣ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቆ ይገኛል። አዛውንቱም አልደበቁኝም፤ «አንዳንዱ እምቢ ይለኛል፣ ምክንያቱን አላውቀውም» አሉ።

ምክንያቱ ይታወቃል። ካርቦኑ የበዛ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ሲነከር ድንጋጤው ይሰነጥቀዋል፤ ለብ ያለ ዘይት ይሻለዋል። ከተነከረ በኋላ ሳይለዝብ ለገበያ ከወጣ ይሰበራል። አንዳንድ ርካሽ ሞረድ ደግሞ የጠነከረው ከላይ ብቻ ነው፤ ሆዱ ለስላሳ ነው። ያንን ለመለየት ቁራጩን አግሎ መንከር፣ ከዚያ በሌላ ሞረድ መሞከር ነው። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ደህና ነው፤ ከነከሰ ግን ለቢላ አይሆንም።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ቁራጭ ማግኔት፣ አንድ ጣሳ ዘይት፣ የጋለ ምጣድና ቀለም የሚያይ ዓይን ነው። ዓይኑን አዛውንቱ ሃምሳ ዓመት አሠልጥነውታል። የቀረው በአንድ ሳምንት የሚነገር ነው። ታዲያ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን የሚነግር አንድ ሰው እንዴት ወደዚያ ጎጆ ሳይገባ ቀረ? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

◆ ማን ነው ጥፋተኛው?

አንደኛ፣ እኛ። ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን፤ ስሙ ብዙ ነው። «ያ እኮ ቀርቷል» የምትሉ፣ ቀርቶ ከሆነ የባለእጅ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የአባቱን ሥራ ለምን ይደብቃል? በሰፈራችሁ ከባለእጅ ቤት ሙሽራ ያመጣ ስንት ሰው ታውቃላችሁ? ቁጠሩና መልሱልኝ።

ሰቆጣ አጠገብ ከድንጋይ የተፈለፈለ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በስተደቡብ ላሊበላ አለ። እንኮራባቸዋለን፤ መኩራትም ይገባናል። ትውፊቱ መላእክት ረድተዋል ይላል፤ እምነቱን አልነካም። ነገር ግን ድንጋይ በብረት ነው የሚፈለፈለው። መሮውን ማን ሠራው? ሲዶለዱም ማን ሳለው? የንጉሡን ስም እናውቃለን። የመሮውን ሠሪ ግን ስሙን ጠፍቶብን «ጅብ» አልነው።

አፄ ምኒልክ ይህ ነገር አገር እንደሚያጠፋ ገብቷቸው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አንድ መቶ ዓመት አልፎታል! ዛሬ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰው በማኅበራዊ አመጣጡ አይለይም ይላል። አዋጅ አላጣንም፤ ያጣነው አዋጁን ከቡና መጠጫው ድረስ ይዞ የሚወርድ ሰው ነው።

ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችውን ወለቃን አስቡ። ቤተ እስራኤላውያን በብረትና በሸክላ ሥራቸው ዙሪያውን ሁሉ ያገለግሉ ነበር። ምስጋናችን «ቡዳ» ማለት ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በረረ። የሄዱበት ምክንያት የራሳቸው ነው። እኔ የምለው አብሯቸው ስለሄደው ሙያ ነው። ያለቀሰለት የለም፤ የጎደለው የገባን ማጭድ ፍለጋ ወጥተን ስናጣ ነው።

ሁለተኛ፣ መንግሥት። ስለ ብረት ገንዘብ አልጠፋም። በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሁላችንም ሜቴክ የምንለው፣ ሲቋቋም አገሪቱን በብረት ሊያጥለቀልቃት ነበር። ስኳር ፋብሪካ ተረከበ፣ ዘገየ። የህዳሴ ግድቡን የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ተረከበ፣ ተነጠቀ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የቀድሞ ኃላፊዎቹ በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ በቴሌቪዥን አየን። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ «ኢትዮጵያ ታምርት» መጣ። ስሙ ደስ ይላል። ነገር ግን ኢትዮጵያ ድሮም ታመርታለች፤ በወናፍና በመዶሻ፣ በጨለማ ጎጆ ውስጥ። ባለእጁ ግብር ሲከፍል ነጋዴ ነው፤ ብድር ሲጠይቅ ግን ማስያዣ የሌለው ድሃ ነው። አምራች የሚባለው መቼ ነው?

ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቱ። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ብየዳ ያስተምራሉ። ተመራቂው በርና መስኮት ይበይዳል፤ ክፉ አይደለም። የብረት ማጠንከር ትምህርትም በመጽሐፍ ላይ አለ። ችግሩ መጽሐፉና ባለእጁ ተገናኝተው አያውቁም። አሠልጣኙ ቁጥሩን ያውቃል፤ ቀለሙን አያውቅም። ባለእጁ ቀለሙን ያውቃል፤ ቁጥሩን አያውቅም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ከተማ ሁለት ሰፈር ነው፤ የሚያራርቃቸው ግን ንቀት ነው።

◆ ለሚቃወሙኝ

«የውጭው ቢላ ርካሽ ነው፣ ምን አደከመን?» ትሉኛላችሁ። በየጊዜው እየደነዘ የሚጣል ነገር ርካሽ አይባልም። የሚገዛውም በዶላር ነው፤ ያንን ዶላር ለመድኃኒት አጥተነዋል። አሮጌው ሞረድ ግን እዚሁ ወድቆ አለ፤ ባሌስትራውም ከየጋራዡ ደጅ ዝጎ ተኝቷል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶች ስለ ቢላም ጭምር ነው የተናገሩት።

«ሀገር በቀል እውቀት ነው፣ በነበረበት ይቆይ» የምትሉም አላችሁ። አዳራሽ ተከራይታችሁ፣ ባለእጁን የባህል ልብስ አልብሳችሁ፣ ፎቶ ተነሥታችሁ ትሸኙታላችሁ። ይህ ንቀት ነው፤ ፈገግ ያለ ንቀት። ሙያ ሙዚየም ውስጥ አይኖርም። ሙያ የሚኖረው ቢላው ሳይሰበር፣ ስለቱ ሳይደነዝ፣ ገዢው ተመልሶ ሲመጣ ነው። ባለእጁን የሚወድ ሰው ቢላው ለምን እንደተሰነጠቀ ይነግረዋል።

«ሌላው አገርስ?» ካላችሁ የጀርመኗን ዞሊንገንን ተመልከቱ። ትንሽ የቀጥቃጮች ከተማ ነበረች። ዛሬ ስሟ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በዚያ ያልተሠራ ቢላ «ዞሊንገን» የሚል ጽሑፍ ሊይዝ አይችልም። እነሱ የቀጥቃጫቸውን ከተማ ስም ብረቱ ላይ ቀርጸው ለዓለም ሸጡ። እኛ ባለእጁን ስሙን እንዲደብቅ አደረግነው።

◆ ምን ይደረግ?

መፍትሔ ሳይጠቁም የሚጮህ ጽሑፍ አልወድም። ስለዚህ፦

1. በየወረዳው ያሉ ባለእጆች ይቆጠሩ። ስንት እንደቀሩ ሳናውቅ ስለ ምርት ማውራት ቀልድ ነው።

2. ኮሌጁ ወደ ጎጆው ይሂድ። አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ ማግኔት፣ አንድ ጀሪካን ዘይት፣ አንድ ሳምንት ይበቃል። ያው አሠልጣኝ ቀለም ማንበብን ከአዛውንቱ ተምሮ ይመለስ። ሁለቱም ተማሪ፣ ሁለቱም መምህር ይሁኑ።

3. ሃምሳ ዓመት የቀጠቀጠ ሰው በሥራው ተፈትኖ የብቃት ማረጋገጫ ያግኝ። ቢላው ይፈተን፤ የስምንተኛ ክፍል ካርድ አይጠየቅ።

4. መንግሥትም ሆነ የእርዳታ ድርጅት ለተጎዳ ገበሬ ማጭድና ዶማ ሲገዛ መጀመሪያ የአካባቢውን ባለእጅ ይጠይቅ። ጥራቱን ይፈትን፤ ያለፈውን ይግዛ፤ የወደቀውን ለምን እንደወደቀ ነግሮ ይመልስ። እርዳታው ሁለት ቤት ይገባል።

5. ካህናትና ሽማግሌዎች፣ ይህ የእናንተ ነው። የቡዳ ወሬ የሚያቆመው ከመድረኩ ሲወገዝ ነው። ጌታችን ራሱ በእንጨት ጠራቢ ቤት ማደጉን የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ።

አዛውንቱን በመጨረሻ የጠየቅኳቸው «ልጅዎ ሙያውን ይዟል ወይ?» ብዬ ነበር። አልያዘም። አዲስ አበባ የቀን ሥራ እየሠራ ነው፤ ፌሮ ይሸከማል። አባቱ ብረት ወደ ስለት የሚለውጡ ሰው ናቸው፤ ልጁ ብረት በትከሻው ያመላልሳል። ለምን እንደሄደ ስጠይቃቸው «እዚያ ማንም አያውቀውም» አሉኝ። እኔ የሰማሁት ትልቁ የኢንዱስትሪ ፖሊሲ ትችት ይህ ነው፤ የተናገሩት ደግሞ ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ናቸው።

እንዲህ ያለ ባለእጅ ወናፉን ያስቀመጠ ቀን የሚጠፋው አንድ ጎጆ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የፍምን ቀለም የሚያነብ ዓይን በአንድ የበጀት ዓመት አይሠለጥንም። ያ ዓይን ገና ክፍት ሳለ አጠገቡ የሚቀመጥ ወጣት ያስፈልጋል። ወጣቱ እንዲቀመጥ ደግሞ ነገ ሚስት ሲያጭ «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል አንገቱን የማይደፋበት አገር ያስፈልገዋል።

ፋሲካ ሲመጣ ካራ መዋሳችን አይቀርም። በዚህ ዓመት ከመዋሳችሁ በፊት ማን እንደሠራው ጠይቁ። ስሙን እወቁ። ገበያ ስታገኙት «ጋሼ» በሉት። ገንዘብ አይጠይቅም፤ አዋጅም አይጠብቅም።

የምትቃወሙኝ በነጻነት ጻፉ፣ አነባለሁ። ባለእጅ የሆናችሁ ወይም የባለእጅ ልጆች ብትጽፉልኝ ደግሞ እኮራለሁ። ሙያ የሚሰድብ አስተያየት ግን ከዚህ ቻናል ይሰረዛል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ከልክለውታል።

ሰላም ሁኑ።